ከቡሃቃው ግርጌ የቀረው

በዛሬው ጽሑፋችን አብረን ወደ ጓዳ እንገባለን።

እንጀራ የምትጋግር እናት ሁሉ እንደምታውቀው ሊጥ ተሟጦ አይጋገርም። ከቡሃቃው ግርጌ ጥቂት ይቀራል፤ እርሱም ለሚቀጥለው ቡኮ እርሾ ይሆናል። አዲስ የጤፍ ዱቄት በውኃ ተለውሶ ያ ጥቂት እርሾ ሲጨመርበት በሁለት፣ በሦስት ቀን ሁሉም ይቦካል። ዱቄቱ አዲስ ቢሆንም የዛሬው ሊጥ ጠባዩን የሚወስደው ከትናንቱ ነው። እርሾው ከተበላሸ ማኛ ጤፍ መግዛታችን ብቻውን አያድነንም።

ጌታችን ስለ መንግሥተ ሰማያት ሲያስተምር ይህን የጓዳ ሥራ አልናቀውም። በማቴዎስ 13፥33 አንዲት ሴት በሦስት መስፈሪያ ዱቄት ውስጥ ስለ ሸሸገችው እርሾ ነግሮናል። ሦስት መስፈሪያ ቀላል አይደለም፤ በዛሬው መለኪያ ከ20 ሊትር በላይ ይሆናል። ሣራም ወደ ድንኳናቸው ለመጡት እንግዶች እንድትለውስ የታዘዘችው ያንኑ ያህል ነበር (ዘፍ. 18፥6)። ያን ሁሉ ዱቄት የለወጠው ጥቂት፣ ያውም ከዓይን የተሸሸገ ነገር ነው። የእግዚአብሔር መንግሥትም በቤታችን የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ፣ ድምፅ ሳያሰማ ነው።

ነገር ግን ቅዱስ ቃሉ በእርሾ ክፉውንም መስሎ ያስተምረናል። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ከፈሪሳውያን እርሾ እንዲጠበቁ ሲያስጠነቅቅ ስለ ግብዝነት መናገሩ ነበር (ሉቃ. 12፥1)። ሐዋርያው ጳውሎስም የቆሮንቶስን ምእመናን አሮጌውን እርሾ እንዲያስወግዱ አዟቸዋል (1ኛ ቆሮ. 5፥6-8)። ወገኖቼ፣ እርሾ የሌለው ቤት የለም። ለመሆኑ የየቤታችን እርሾ ከየት መጣ?

አዲስ ጎጆ የወጣች ሙሽራ እርሾ የምትወስደው ከእናቷ ወይም ከጎረቤት ነው። ትዳርም እንዲሁ ነው። ሁለት ሰዎች ሲጋቡ እያንዳንዳቸው ካደጉበት ቤት አንድ ነገር ይዘው ይመጣሉ፤ ስንቆጣ የምንናገርበትን ወይም ዝም የምንልበትን መንገድ፣ ገንዘብ የምንይዝበትን፣ ልጅ የምንቀጣበትን ሁሉ።

ከባለቤቴ ጋር በምናገለግልበት የትዳር ምክር ያገኘናቸውን ባልና ሚስት ታሪክ ፈቃዳቸውን ጠይቄ ላካፍላችሁ። እርሷ ዘማሪት ናት፣ እርሱም የሕፃናት አስተማሪ ነው። በቤታቸው ጩኸት አይሰማም። በተቀያየሙ ጊዜ ግን ለሳምንታት የሚነጋገሩት በልጃቸው በኩል ነበር። «አባትሽን እራት ቀርቧል በይው»፤ «ለእናትሽ ዛሬ አመሻለሁ በያት»። የስምንት ዓመቷ ልጅ መልእክተኛ ሆነች። ታናሽ ወንድሟ እርሳሷን የሰበረባት ቀን አልጮኸችም፣ አልመታችውም። ሦስት ቀን ሙሉ ዘጋችው። የምትፈልገውን ሁሉ በቤት ሠራተኛዋ በኩል እያስነገረች፣ እርሱን እንደሌለ ቆጠረችው። ትንሹ ልጅ እያለቀሰ ለእናቱ «እኅቴ አትወደኝም» ሲላት እናት ደነገጠች።

አባት ያን ጊዜ የተናገረውን አልረሳውም። «አባቴ ሲቆጣ ወር ሙሉ አያናግረንም ነበር። እኔ አልሳደብም፣ አልማታም፤ ስለዚህ ከአባቴ የተሻልሁ መስሎኝ ነበር» አለን። እነሆ አንዱ ዝምታ ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ሕፃን ልጅ ተላለፈ። ማንም ተቀምጦ አላስተማራትም። ከቡሃቃው ግርጌ የቀረው አቦካት።

በዚሁ መንገድ እምነትም ይተላለፋል። ጳውሎስ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያስብ አያቱን ሎይድን፣ እናቱንም ኤውንቄን ያነሣል (2ኛ ጢሞ. 1፥5)። ሦስት ትውልድ! በዘዳግም 6፥7 እግዚአብሔር ቃሉን ለልጆች እንድናስተምር ያዘዘው በቤት ስንቀመጥ፣ በመንገድ ስንሄድ፣ ስንተኛና ስንነሣ ነው። የዓመቱ ኮንፈረንስ መልካም ነው፤ ልጆቻችን ግን ከኮንፈረንስ በኋላ ባለው ሰኞ ምሽት የምንነጋገረውንም ይሰማሉ።

«እኔ ያደግሁበት ቤት መልካም እርሾ አልነበረውም» የምትሉ ትኖራላችሁ። ተስፋ አትቁረጡ። በውጭ አገር የሚኖሩ እኅቶቻችን እርሾ የሚሰጣቸው ጎረቤት ሲያጡ ዱቄቱን በውኃ ብቻ ለውሰው ይጠብቃሉ። ቀኑ ይረዝማል እንጂ ይቦካል፤ ከዚያ በኋላ እነርሱ ራሳቸው ለሌላው እርሾ ሰጪ ይሆናሉ። ጴጥሮስ ከአባቶቻችን ከወረስነው ከንቱ ኑሮ በክርስቶስ ክቡር ደም እንደ ተዋጀን ይነግረናል (1ኛ ጴጥ. 1፥18-19)። ጳውሎስም አሮጌውን እርሾ አስወግዱ ያለበት ምክንያት ፋሲካችን ክርስቶስ መታረዱ ነው። ቡሃቃችንን የምናጥበው በራሳችን ጉልበት ተማምነን ሳይሆን በተከፈለልን ዋጋ ነው።

ባለሙያ እናት ደግሞ አብሲት መጣል ታውቃለች። ከቦካው ሊጥ ጥቂቱ ተቀንሶ ከውኃ ጋር በእሳት ላይ እየተማሰለ ይበስላል። በረድ ሲል ወደ ሊጡ ይመለሳል። ያን ጊዜ ሊጡ ኩፍ ይላል፣ እንጀራውም ዓይን ያወጣል። በተኳረፈ ቤትም አንዱ ቀድሞ በእሳቱ ማለፍ አለበት። «ይቅር በለኝ»፣ «ይቅር በይኝ» ለማለት ቀድሞ ክብሩን የሚተው ሰው ለቤቱ ሁሉ አብሲት ነው። ከላይ የጠቀስኋቸው ባልና ሚስት የታረቁት በልጆቻቸው ፊት ነው። አባት ልጁን «ከዛሬ ጀምሮ መልእክተኛ አይደለሽም» አላት።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ዱላና ዛቻ ያለበት ቤት ጉዳዩን ሸሽጎ እንዲታገሥ አልመክርም። እኅቴ ሆይ፣ እንዲህ ያለ ነገር ካለብሽ ለታመነ አገልጋይና ለሕግ ማሳወቅ የእምነት ጉድለት አይደለም።

በዚህ ሳምንት ባልና ሚስት ልጆች ከተኙ በኋላ አብራችሁ ተቀመጡ። እያንዳንዳችሁ ካደጋችሁበት ቤት ያመጣችሁትን አንድ መልካም ነገርና አንድ መቅረት ያለበትን ነገር ተናገሩ። ስለ መልካሙ አመስግኑ፤ ሌላውን ስሙን ጠርታችሁ በጌታ ፊት አቅርቡት። አንዳችሁ የሌላውን ቤተ ሰብ አትውቀሱ፤ ሁላችሁም ስለ ራሳችሁ ተናገሩ። በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ እንዳይጠልቅም ተጠንቀቁ (ኤፌ. 4፥26)፤ ያደረ ቂም የነገው እርሾ ነውና።

ልጆቻችን ነገ የራሳቸውን ጎጆ ሲወጡ ከእኛ ቡሃቃ ቀድተው ይሄዳሉ። የሚቀዱት የሚባርካቸው ይሆን ዘንድ ጌታ ይርዳን። አሜን።