በመርካቶ የሰማነው ቀልድ

ለዚህች ጋዜጣ የሚሆን ወረቀትና ቀለም ለመግዛት ባለፈው ቅዳሜ ወደ መርካቶ ወርደን ነበር። (የወረቀቱ ዋጋ ራሱን የቻለ ርእሰ አንቀጽ የሚያስጽፍ ነው፤ ለጊዜው እንለፈው።) ዕቃው እስኪቆጠርልን ስንጠብቅ አብሮን የነበረ አንድ ተማሪ ስለ አይሁድ ወሬ አንሥቶ «ሂትለር ሥራውን ሳይጨርስ ሞተ» ሲል ቀለደ። ሁለት ሦስት ሰዎች ሣቁ። ከሣቁት መካከል እኛም ነበርንበት።

ወደ ግቢ ስንመለስ ያሳፈረን ቀልዱ ብቻ ሳይሆን የተነገረበት ቦታ ነው። እንደሚታወቀው የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ቀድሞ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ፋሺስት ኢጣልያ ከተማይቱን ከያዘ በኋላ አራዳን ለነጮች ፈልጎ ገበያውን ወደ ምዕራብ ገፋው፤ ስሙንም «የአገሬው ተወላጆች ገበያ» አለው። መርካቶ የሚለው ስም የቀረልን ከዚያ ነው። አዲስ ከተማም የተቀየሰው ጥቁርና ነጭ ተለያይተው እንዲኖሩ በታሰበ ፕላን ነው። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ደግሞ ከኢትዮጵያዊት ጋራ እንደ ባልና ሚስት የኖረን ኢጣልያዊ እስከ አምስት ዓመት እስራት ያስቀጣ ነበር።

ያው መንግሥት በኅዳር 1931 ዓ.ም. ፊቱን ወደ ገዛ ዜጎቹ አዞረ። ኢጣልያውያን አይሁድ ከሌላው ኢጣልያዊ ጋራ እንዳይጋቡ ተከለከሉ፤ ከመንግሥት ሥራና ከትምህርት ቤትም ተባረሩ። በጥቅምት 1936 ዓ.ም. ጀርመኖች በሮም ከአንድ ሺህ በላይ አይሁድ ለቅመው ወደ አውሽቪትስ ሲልኩ ከሞት የተረፉት 16 ብቻ ነበሩ። እንግዲህ በእኛ ላይ የወጣው የመለያያ ሕግና በአይሁድ ላይ የወጣው ሕግ የአንድ መንግሥት ማኅተም ያረፈባቸው ናቸው። በጀርመንም አይሁድን ከዜግነት ያወጣው የኑረምበርግ ሕግ የታወጀው በመስከረም 1928 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያው ወር በ22 ቀን የሞሶሊኒ ጦር መረብን ተሻገረ። ታዲያ ኢትዮጵያዊ ሆኖ በሂትለር ሥራ መሣቅ እንዴት ይቻላል?

አንዳንድ ወዳጆቻችን «ቀልድ ሰው አይገድልም» ይሉናል። ግማሹ እውነት ነው። አይሁድን መጥላት በአውሮፓ የብዙ መቶ ዓመታት በሽታ ነበር። በእኛም አገር ቢሆን በጎንደር አካባቢ የኖሩት ቤተ እስራኤል ርስት ተነፍገው፣ በሸክላ ሠሪነታቸውና በቀጥቃጭነታቸው «ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» ሲባሉ ኖረዋል። ይህን ስድብ ከአያቶቻችን አፍ ያልሰማ ማን አለ? ነገር ግን ስድቡ ስድስት ሚሊዮን ሰው ወደ መፍጀት የደረሰው፣ መዝገብና ፖሊስ፣ ባቡርም ያለው መንግሥት ሲይዘውና ያንን መንግሥት «ተው» የሚለው ሲጠፋ ነው።

በጀርመን «ተው» ባዮቹ የጠፉት በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። በመጋቢት 1925 ዓ.ም. የናዚ ጭፍሮች በአይሁድ ሱቆች ደጃፍ ቆመው ገዢውን መለሱ። በሚያዝያ የሠራተኛ ማኅበራት ፈረሱ፤ በሐምሌ ከናዚ በቀር ፓርቲ ሁሉ ታገደ። በመካከሉ፣ በግንቦት 2 ቀን፣ በየዩኒቨርሲቲው ከተማ መጻሕፍት ተቃጠሉ። እሳቱን ያነደደው ወታደር እንዳይመስላችሁ፤ የጀርመን ተማሪዎች ማኅበር ነበር! መምህራንም ቆመው ንግግር አደረጉ። እንደ እኛ ያለ ማኅበር፣ ምናልባትም እንደ እኛ ያለ ጋዜጣ የነበረው ማለት ነው።

በአዲስ አበባ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረወር፣ ለጥቁር ሸሚዞቹ ሦስት ቀን እንደ ልባቸው እንዲገድሉ ተፈቀደላቸው። መንግሥታችን የሟቾቹን ቁጥር 30,000 አድርጎታል። በውጭ አገር የተማሩ ወጣቶችም እየተፈለጉ ተረሸኑ። ቆይቶም፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ ባዕድ ገዢ በሌለበት፣ የዘር ስምም ሳይጠራ፣ «ፀረ አብዮተኛ» የሚል ቃል ብቻ ወጣቱን ከየቀበሌው አውጥቶ አስገደለው። ይህ ለእኛ ከሁሉ ይከብደናል። ተናጋሪ ሁሉ ዝም ከተሰኘ በኋላ የሚጠላው ወገን ማን እንደሚሆን ገዢው ራሱ ይመርጣል።

የዘር ማጥፋትን ወንጀል የሚከለክለውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ከዓለም ቀድማ ያጸደቀች ኢትዮጵያ ናት፤ ጊዜውም ሰኔ 1941 ዓ.ም. ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን የፖለቲካ ወገንን መፍጀትንም ስለ ጨመረበት፣ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበት ጥፋተኛ ያላቸው በዚሁ ወንጀል ነው። የሕግ ተማሪዎች ይህን ያውቁታል፤ የቀረነው ግን የምናውቅ አይመስለንም።

የቀልደኛውን ጓደኛችንን ስም አንጽፍም፤ ስም ለጥፎ ማሳደድን እየነቀፍን ያንኑ ልናደርገው አይገባም። መልስ ካለው ግን በሚቀጥለው እትም ሁለት ገጽ ጠብቀንለታል። ወረቀቱንም ያን ዕለት አብሮን ተሸክሞታል።