ማኅተሙን ለእርሳቸው ስጡ

ከቡሬ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት የገጠር ቀበሌ የሊቀ መንበሩ ወንበር ባዶ ከሆነ ከረመ። የቀበሌዋን ስም አልጠራም። ወንበሩ ይገባቸዋል ብዬ የምሟገትላቸውን ሴት ስምም አልጽፍም፤ ዛሬ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ የሰውን ስም ከሥልጣን ጋር አያይዞ ማሳተም ውለታ አይደለም። ያገሩ ሰው ሁለቱንም ያውቃል። ወረዳ ያሉትም ያውቃሉ። እኔ የምጽፈው እንዲያውቁ ሳይሆን ኋላ «አልሰማንም» እንዳይሉ ነው።

የቀድሞው ሊቀ መንበር ባሕር ዳር ገብቶ ቀረ። አልወቅሰውም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ እዚህ አገር የቀበሌ አመራር መሆን ማለት፣ ማታ በር ሲንኳኳ ከመንግሥትና ከጫካው ታጣቂ የትኛው ወገን እንደመጣ ሳያውቁ ተነሥቶ መክፈት ነው። አንዱ «ለምን ተባበርካቸው» ይላል፣ ሌላው «ለምን አላሳወቅኸንም» ይላል። አዋጁ በወጣ በአሥረኛው ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ ከአየር በወረደ ጥቃት ከ20 በላይ ሰው አልቋል። ከዚያ በኋላ ልጆቹን ይዞ የወጣን ሰው ፈሪ ለማለት አፍ ያለው፣ ያን ሰሞን እዚህ ያልነበረ ብቻ ነው።

ሰውየው ሄደ፤ ሥልጣኑ ግን አብሮት አልሄደም። ማኅተሙ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ያለ ውክልና ያለ ቃለ ጉባኤ፣ ከአንዱ ኮት ኪስ ወደ ሌላው ኮት ኪስ ይዞራል። መታወቂያ የፈለገ፣ ለልጁ የድጋፍ ደብዳቤ የፈለገ ሰው በገበያ ቀን ከጠላ ቤት ጠላ ቤት እየዞረ ማኅተም ያፈላልጋል። በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ያን ዕለት ማኅተሙ ኪሱ የነበረው ሰውዬ ጣሳውን መሬት አስቀመጠ፣ ማኅተሙን እፍ እፍ አለበት፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ መታው። ቀለሙ ደርቆ ነበር፤ ከክቡ ግማሹ ብቻ ወጣ። ማኅተም ፈላጊዋ ሴት ሃምሳ ብር ከፍላ፣ ግማሽ ማኅተም ይዛ፣ ቡሬ ድረስ በእግሯ ሄደች። ባንክ ቤቱ «አይነበብም» ብሎ መለሳት።

ይህ ነው የሚባል ደመወዝ ለሌለው ወንበር ምን ያጣላል? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከተሜ ነው። ባላገር አይጠይቅም፤ ቀበሌ ማለት መሬት መሆኑን በአባቱ አይቷል። በ1989 በክልላችን መሬት ሲሸነሸን ገበሬውን «ቢሮክራት» ብሎ የፈረጀው አዲስ አበባ የተቀመጠ ሚኒስትር አልነበረም። ስሙን የሚያውቀው፣ ሠርጉ ላይ የበላ የገዛ ቀበሌው ሰው ነበር። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ተመራጭ ነበርክ ተብሎ ብቻ ይዞታው ወደ አራት ጥማድ የወረደበት ሰው ልጆች ዛሬም እዚሁ ያርሳሉ። የቆረጠባቸው ሰው ልጆችም ከድንበራቸው ማዶ ያርሳሉ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ቂሙ ግን ገና ትኩስ ነው።

ከዚያ በኋላ አረንጓዴው የመሬት ይዞታ ደብተር መጣ። የክልሉ የመሬት አዋጅ 133/1998 ወጣ፣ በ252/2009 ተተካ። ሕጉ መጥፎ አይደለም። ድንበሩ የተገፋበት ሰው ግን መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቀበሌ ነው፣ ምስክር የሚቆጠረው እዚያ ነው። ቡሬ ላይ በ2013 የተመረቀው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወደ 260 ሄክታር መሬት ይዟል። እንዲህ ያለ ነገር በመጣ ቁጥር የማን ማሳ የት ላይ ያልቃል፣ ስንት ቃዳ ነበረው ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚፈለገው ከቀበሌ ነው። በዚያ ወንበር ላይ ሌባ ከተቀመጠ ካሳው ሳይከፈል ይሰረቃል።

አሁን ወደ ሴትየዋ።

ዕድሜያቸው ሃምሳን ተሻግሯል። ባላቸውን ቀብረዋል። በርበሬና በቆሎ ያመርታሉ፤ ትምህርታቸው ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የእድሩ ጸሐፊ ናቸው። እዚህ አገር ሴት የእድር ጸሐፊ ማድረግ የተለመደ አይደለም፤ የሆነው መዝገቡ በወንዶቹ እጅ ሁለቴ «ጠፋ» ከተባለ በኋላ ነው። እርሳቸው የሚይዙት ተራ የተማሪ ደብተር ነው፣ ሽፋኑ በማዳበሪያ ከረጢት የተለበደ። ማን ሞተ፣ ስንት ተዋጣ፣ ማን ከቀብር ቀረ፣ ስንት ተቀጣ፣ ሁሉም በቀኑ ተጽፏል። የያኔው ሊቀ መንበር ራሱ ከቀብር ቀርቶ የተቀጣት ሠላሳ ብር ከሌላው ሰው ቅጣት በታች ተሰልፋ ተቀምጣለች።

በ2015 ክረምት መግቢያ ማዳበሪያ ጠፍቶ የክልሉ ገበሬ ሰልፍ እስከመውጣት ሲደርስ፣ ለዚያች ቀበሌም ጥቂት ኩንታል ብቻ መጣች። ማን እንደሚወስድ ዝርዝሩ በዝግ ቤት ተሠራ። ሴትየዋ የቀበሌው ምክር ቤት አባል ናቸውና እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ደጀ ሰላም ላይ ቆመው «ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት ይነበብ» አሉ። ቢያጉረመርሙም ተነበበ። አሥራ ምናምነኛው ስም ላይ ሲደርስ «አንዴ ቁም» አሉ። ደብተራቸውን ገለጡ። ሁለት ኩንታል የተመደበለት ሰው ጥር ላይ ተቀብሯል፤ ቀኑንም፣ የተዋጣውንም፣ ለንፍሮ የወጣውንም አነበቡለት። ሕዝቡ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ዝም አለ። ቀጥሎ ዝርዝሩ እንደ አዲስ እዚያው ደጀ ሰላሙ ላይ ተሠራ።

እኔ ከዚህ በላይ የሹመት ፈተና አላውቅም። የትኛው የአመራር ሥልጠና ነው ይህን የሚያስተምረው?

ግን አይፈለጉም። ለምን ብዬ ስጠይቅ መልሱ እንደየሰዉ ይለያያል። አንድ ሽማግሌ እየሳቁ «ልጄ፣ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እኚህ ሴትዮ መብላት አያውቁም፣ ለሹመት አይሆኑም» አሉኝ። ቀልድ ነው። አጠገባቸው የተቀመጡት ሰዎች ግን እንደ ቀልድ አልሰሙትም፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህን ተረት እየሰማን አድገን፣ ልጆቻችንንም እያስተማርን በሹም ሌብነት የምንገረመው ነገር ይደንቀኛል።

«ሴት ናቸው» የሚሉም አሉ። እሺ። ሕንድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ከመንደር ምክር ቤት ወንበሮች ቢያንስ ሲሶው ለሴቶች እንዲሆን ደነገገች። የሊቀ መንበርነቱም ሲሶ ለሴት ብቻ ተከለለ። ምሁራን ምዕራብ ቤንጋልና ራጃስታን ገብተው ሴት የመራቻቸውን መንደሮች ከሌሎቹ ሲያስተያዩ፣ ሴቶቹ ለመጠጥ ውሃ ከሌሎቹ የበለጠ አውለው ተገኙ። እንስራ የተሸከመ ጀርባ ውሃን አይረሳማ። በዚያች ቀበሌ ደግሞ ሰውና ከብት ዛሬም ከአንድ ምንጭ ይጠጣሉ፤ ምንጩ ይጎልብት የሚለው አጀንዳ በየዓመቱ «በሂደት ላይ ነው» ይባላል። ይህንንም አጀንዳ ምክር ቤት ያስገቡት እኚሁ ሴት ናቸው።

ሦስተኛው መልስ ከጽሕፈት ቤት የመጣ ነው፤ የትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሆነ ይቅር። «አባልነታቸው የላላ ነው» ተባልኩ። እውነት ነው፣ ላልቷል። በብአዴን ጊዜ እንደ ሁሉም ሰው ተመዝግበው ነበር፤ በ2012 ፓርቲው ብልጽግና ሲሆን መዋጮ መክፈል ተዉ። ገንዘቡን ለእድር ከፈሉ። ታዲያ የቀበሌ ሊቀ መንበር የሚሾመው ፓርቲውን ለገበሬው እንዲያብራራ ነው ወይስ የገበሬውን ድንበር እንዲጠብቅ?

አራተኛው መልስ በሹክሹክታ ነው የሚነገረው፤ እኔ ግን ጮክ ብዬ እለዋለሁ። «የእኅታቸው ልጅ ጫካ ነው።» አዎ ነው። የወንድማቸው ልጅ ደግሞ ሚሊሻ ነው። ሁለቱም እርሳቸው ቤት እንጀራ በልተው ያደጉ ናቸው። መስፈርቱ ይህ ከሆነ በምዕራብ ጎጃም የሚሾም ሰው አይገኝም፤ ወረዳውም ራሱ ባዶውን ያድራል። እንዲያውም በሁለቱም ወገን የሚያለቅስለት ልጅ ያለው ሰው ነው ዛሬ ወንበር የሚያምርበት።

ወረዳው በልቡ የያዘው ሌላ ሰው አለ ይባላል። ዲግሪ አለው፤ ቡሬ ከተማ ተከራይቶ ይኖራል፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ በእርሱ ላይ የምናገረው ክፉ ነገር የለኝም። ግን ያን ቀበሌ ከከተማ ሆኖ በስልክ ሊመራው ነው? ኔትወርክ በሚፈልግበት ቀን በሚመጣበት፣ በሚፈልግበት ቀን በሚጠፋበት አገር?

የምሰማው ደግሞ በደብዳቤ ሊመደብ መሆኑን ነው። እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። በክልሉ ሕገ መንግሥት ሥርዓት የቀበሌ አስተዳዳሪን የሚመርጠው የቀበሌው ምክር ቤት ነው፣ ያውም ከራሱ አባላት መካከል። ሴትየዋ አባል ናቸው። ልጁ አይደለም። ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት።

«ምክር ቤቱስ ራሱ ጊዜው አልፎበት የለ?» ትሉ ይሆናል። አልፎበታል። የመጨረሻው የአካባቢ ምርጫ የተካሄደው ሚያዝያ 2005 ነው። በመላ አገሪቱ ከ3 ሚሊዮን ተኩል በላይ ወንበር ነበር፤ ኢሕአዴግ ከጥቂቶቹ በቀር ጠቅልሎ ወሰደው። በ2010 መደገም ነበረበት፣ ተራዘመ። በ2013 ለፓርላማና ለክልል ምክር ቤት ስንሰለፍ ቀበሌ አልተነሣም። በ2005ቱ ምርጫ ሰሞን የተወለደ ልጅ ዛሬ በሬ ጠምዶ ያርሳል። ስለዚህ ምክር ቤቱ አርጅቷል፣ ግማሹ ሞቷል ወይም ተሰዷል። ይህ ግን ለደብዳቤ ሹመት ሰበብ አይሆንም። የምርጫ ሳጥን ከሌለ ሹመቱ ይበልጥ በአደባባይ፣ ይበልጥ በሕዝብ ፊት መሆን አለበት እንጂ ጭራሽ ወደ ጓዳ ይገባል እንዴ?

በአባቶቻችን ጊዜ እንኳ ጎጃም ውስጥ ጭቃ ሹምነት በርስተኞቹ መካከል በተራ ይዞር ነበር፤ ሹሙ የዚያው መሬት ሰው ነበር። ከላይ የተላከብንን ሹም ደግሞ ምን እንዳደረግነው ታሪክ ያውቃል። በ1960 የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ ሲነሣ ጦር ዘመተበት፣ አውሮፕላን ወጣበት። በመጨረሻ ግን ንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን ከጎጃም አንሥተው ነው አገሩ የበረደው። ያን ያህል ደም ሳይፈስ አስቀድሞ ሕዝቡን መጠየቅ ምን ያህል ይከብድ ነበር?

እንግዲህ የምክር ቤት አባላት፣ ጋሼዎቼ፣ እታለሞቼ፣ ነገሩ እናንተ እጅ ላይ ነው። ስብሰባው ሲጠራ አንድ ሰው ከወረዳ መጥቶ «አቅጣጫ ተቀምጧል» ይላችኋል። አቅጣጫው ከተቀመጠ እናንተ ለምን እንደተጠራችሁ ጠይቁት። ቀጥሎ «ሌላ ጥቆማ ካለ» ይላል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወረቀቱን እያጠፈ። ያኔ አንድ ሰው ይነሣና ስማቸውን ይጥራ። ድጋፍ፣ ተቃውሞ፣ ድምፀ ተአቅቦ ይቆጠር። ቁጥሩ ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር፣ ቃለ ጉባኤውም ከመፈረሙ በፊት ይነበብ።

እርሳቸውን ሄጄ ጠይቄአቸዋለሁ። በርበሬ እየለቀሙ ነበር፤ ቀና ሳይሉ ነው የመለሱልኝ። ሁለት ነገር በጽሑፍ ካልተሰጠኝ አልቀመጥም አሉ። አንደኛ፣ የማዳበሪያም ሆነ የእርዳታ ዝርዝር በሕዝብ ፊት ሳይነበብ እህልም ከረጢትም ከመጋዘን አይወጣም። ሁለተኛ፣ በዓመቱ እዚያው ምክር ቤት ፊት ሂሳብ አቅርበው፣ ያልተስማማ እጅ ከበዛ በዚያው ቀን ወንበሩን ይለቃሉ።

ወረዳው ለሌላው ዕጩ ይህንኑ ወረቀት ያቅርብለትና ይፈርም እንደሆነ ይጠይቀው። መልሱንም ለሕዝቡ ያንብብ።