ደመ ከልብ

በአርማጭሆ ምድር የሰው ደም ዝም ብሎ አይፈስስም ይባላል። ሰው በሰው እጅ ሲወድቅ ገዳዩ በስም ይታወቃል፤ ወገን ይነሣል፤ ሽማግሌ በዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ካሳ ይቆረጣል፤ ወይ እርቅ ይወርዳል፣ ወይ ቂም ለልጅ ይተላለፋል። ደግም ሆነ ክፉ፣ የፈሰሰው ደም ጠያቂ አለው። ጠያቂ ያጣ ደም «ደመ ከልብ» ይባላል፤ ለሟች ቤተሰብም ከዚህ የከፋ ውርደት የለም።

እኔ ግን እላለሁ፦ በዚያው ቆላ፣ ደም በሚጠየቅበት በዚያው አገር፣ ማንም ሳይጠይቀው የሚፈስ ደም አለ። የነፍሰ ጡር ሴት ደም ነው። ገዳዩ አይፈለግም፤ ሽማግሌ አይቀመጥበትም፤ «ዕድሏ ነው» ተብሎ አፈር ይለብሳል። ይህ ጽሑፍ ክስ ነው። ከተከሳሾቹም መካከል እኛ፣ ማንበብና መጻፍ የምንወድ ሰዎች፣ እንገኝበታለን።

አብደራፊን የሚያውቅ ያውቃታል። በምዕራብ አርማጭሆ፣ ለሱዳን ድንበር የቀረበች፣ ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ የሚያኖሯት የሙቀት አገር ናት። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋው የሚወርደው ሠራተኛ፣ በአገሩ አጠራር ሳሉጉ፣ ጠፍ መሬቱን በአንድ ወቅት ሰው በሰው ያደርገዋል። ከሳሉጉ ጋር ሴቶችም ይወርዳሉ። ለሠራተኛ እንጀራ የሚጋግሩ፣ ሻይ የሚያፈሉ፣ ባል ተከትለው የመጡ፣ ባል ሳይኖራቸው የመጡ። ሰሊጥ ላኪው ኩንታሉን ይቆጥራል። እነዚህን ሴቶች ግን ማን ቆጠራቸው?

ከእነርሱ አንዷን በዓይነ ኅሊናችን እንያት። ስም አንሰጣትም፤ ብዙ ናትና። ቅሪት ናት፤ ሦስተኛ ወሯን ይዛለች። ጎሕ ሳይቀድ ሊጥ ልታቦካ ስትነሣ ቀሚሷ ላይ ደም ታያለች። አልወደቀች፣ አልተመታች፣ ምክንያቱን አታውቀውም። እናቷ ደጋ ናት። ባሏ እርሻው ላይ ነው። ጎረቤቷን ትጠይቃለች። አንዷ «ዝም በይ፣ ይቆማል» ትላታለች፤ ሌላዋ «ዓይን ነው» ትላለች፤ ሦስተኛዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሾተላይ እንዳይሆን» ትላለች። ሴትየዋ ጨርቋን አጥፋ ትደብቅና ወደ ምጣዷ ትመለሳለች። ሠላሳ ሰው ቁርስ ይጠብቃላ!

ያቺ የታጠፈች ጨርቅ ናት ክሴን የምትሸከመው። ለምን ደበቀቻት? አንደኛ፣ ነውር ነው ተብላ ስላደገች። ሁለተኛ፣ «አስወርደሽ ነው» እንዳትባል፤ ባል ለሌላት ሴት ይህ ስጋት እጥፍ ነው። ሦስተኛ፣ በልቧ ጥፋተኛዋ ራሷ ስለምትመስላት፦ ከባድ ጀሪካን ተሸክሜ ነው፣ ተናድጄ ነው፣ ያማረኝን ሳልበላ ቀርቼ ነው። እነዚህ ሦስት ፍርሃቶች ከደሙ ይልቅ ይገድላሉ፤ ከቤት እንዳትወጣ ያስሯታልና።

እውነቱን እንነጋገር። በእርግዝና የመጀመሪያዎቹ ወራት ደም ማየት ብርቅ አይደለም፤ ከአራት እርግዝና በአንዱ ገደማ ይታያል። ደም ካዩት መካከልም ግማሽ ያህሉ እርግዝናው ቀጥሎ በደኅና ይወልዳሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚጨነግፈው ጽንስ አብዛኛው የሚጨነግፈው ገና ሲፈጠር በዘር ቅንጣቶቹ ላይ በደረሰ ጉድለት ነው፤ ጀሪካኑም፣ ንዴቱም፣ አምሮቱም አይደለም። ስለዚህ ደም ያየች ሴት ሁሉ ሟች አይደለችም፤ በደለኛም አይደለችም። ነገር ግን ያው ደም ጽንሱ ከማኅፀን ውጭ በማኅፀን ቱቦ ውስጥ መቀመጡን የሚናገር ሊሆን ይችላል፤ ያ ሲሆን ቱቦው ይፈነዳል፣ ደሙ ወደ ሆድ ውስጥ ይፈስሳል፣ ከውጭ የሚታየው ጥቂት ሆኖ ሴትየዋ ግን ትሞታለች። አንዱን ከሌላው የሚለየው የጎረቤት ግምት አይደለም፤ ምርመራና አልትራሳውንድ ነው። ተመርምራም ምክንያቱ ያልታወቀ ደም አለ፤ ሐኪሙ «አላወቅሁትም፣ ግን የሚያሰጋውን አልፈሻል፣ ተመልሰሽ አሳዪኝ» ይላታል። «አላወቅሁትም» ከመረመረ ሰው ሲመጣ እረፍት ነው፤ ካልመረመረ ሰው ሲመጣ ግን ቁማር ነው።

አሁን ወደ ሾተላይ እንምጣ፤ ቃል የኛ የጽሑፍ ሰዎች ጉዳይ ነውና። አባቶቻችን ልጅ በልጅ ላይ የሚያስጨነግፈውን፣ የተወለደውንም የሚቀጥፈውን ነገር አይተዋል፤ ስም ሰጥተውታል፤ መንፈስ ነው ብለዋል። ያዩት ነገር እውነት ነበር። ዛሬ ሐኪሞቻችን ያንኑ ቃል ወስደው የእናትና የጽንስ ደም አለመጣጣም ብለው ፈትተውታል። የእናት ደም አር ኤች ኔጌቲቭ፣ የጽንሱ ፖዘቲቭ ሲሆንና ሁለቱ ሲነካኩ፣ የእናቲቱ አካል መከላከያ ያበጃል፤ የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ ያመልጣል፣ የሚከተሉት ይመታሉ። በእርግዝና ጊዜ የሚፈስ ደም ለዚህ መነካካት አንዱ በር ነው። መድኃኒቱም አለ፤ አንቲ ዲ የሚባል መርፌ ነው፣ እንደ እርግዝናው ዕድሜ ሐኪም ሲያዝ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። እንግዲህ ሾተላይ በጣት ጫፍ ደም የሚታወቅ፣ በመርፌ የሚታገድ ሆኗል። የደም ዓይነቷን ያላወቀች ሴት ግን ዛሬም ከመንፈስ ጋር ትታገላለች። መንፈሱ ድንቁርናችን ነው።

በመጨረሻዎቹ ወራት የሚፈስ ደም ደግሞ ሌላ ነው። የእንግዴ ልጁ የማኅፀንን በር ዘግቶ ተቀምጦ ከሆነ ደሙ ያለ ሕመም፣ ቀይ ሆኖ ድንገት ይመጣል፤ ሕመም ስለሌለው ያዘናጋል። እንግዴ ልጁ ያለ ጊዜው ከማኅፀን ግድግዳ ተላቆ ከሆነ ሆድ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ ደሙም ከውስጥ ሊደበቅ ይችላል። በመጀመሪያው ጊዜ በእጅ ልመርምርሽ የሚል ሰው፣ አዋላጅም ሆነ የመንደር ልማደኛ፣ የእንግዴ ልጁ ቦታ በአልትራሳውንድ ሳይታወቅ ከነካት ደሙን እንደ ምንጭ ሊከፍተው ይችላል። የእናቶችን ሞት ያጠኑ ባለሙያዎች እንዲህ ይገምታሉ፦ ከወሊድ በፊት የሚፈስ ብርቱ ደም እርዳታ ካላገኘ በ12 ሰዓት ገደማ፣ ከወሊድ በኋላ የሚፈሰው ደግሞ በ2 ሰዓት ገደማ ይገድላል።

እነዚህን ሰዓታት ይዛችሁ የቆላውን መንገድ አስቡ። ክረምት ነው፤ ዋልካው ጎማ ይውጣል። ሌሊት ነው፤ መንገዱ ሽፍታ ይፈራል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ክልሉን የናጠው ጦርነት ያሳለፈው ጊዜ ደግሞ መንገድን ለታማሚም ለአምቡላንስም ስጋት አድርጎታል። ደም የሚሰጥበትና ቀዶ ሕክምና የሚደረግበት ትልቁ የሪፈራል ሆስፒታል ጎንደር ከተማ ነው፤ ቆላውን ጨርሶ ደጋውን መውጣት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1994 ታዲየስና ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች የእናቶችን ሞት በሦስት መዘግየቶች ከፍለውት ነበር፦ ከቤት ለመውጣት በመወሰን መዘግየት፣ መንገድ ላይ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምናውን በማግኘት መዘግየት። የአብደራፊዋ ሴት ሦስቱንም ትከፍላለች። የመጀመሪያው ግን መንገድም ድልድይም አይጠይቅም፤ በአፍ የሚፈታ ነው።

አሁን ተከራካሪዎቼን ልስማ። አንደኛው «እናቶቻችን በማሳ ወልደው፣ ልጁን አዝለው ይመለሱ ነበር» ይላል። አዎ፤ የተመለሱት ተመልሰዋል። ያልተመለሱት ግን ተረት አይሆኑም፤ የሞተ አይተርክምና። በአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ጥናት ቁጥሩ 412 ሆኗል። ከግማሽ በላይ የወረደው እናቶቻችን ስለበረቱ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሴት ባለሙያዎች ስላቆመ፣ ጤና ጣቢያ ስለተሠራ ነው። በ2019 ጥናት እንኳ በጤና ተቋም የሚወለደው ከመቶ 48 ያህሉ ብቻ ነበር። «ዕድል» የምንለው ነገር በአዋላጅ ነርስ የሚቀንስ ከሆነ፣ ዕድል አልነበረም።

ሁለተኛው «ማርያም ታውቃለች፤ የፈቀደውን እንቀበል» ይላል። እምነቱን አከብራለሁ። ነገር ግን በወንጌል ያለችውን፣ አሥራ ሁለት ዓመት ደም የፈሰሳትን ሴት ያስታውሱ። እርሷ ያላትን ሁሉ ለባለ መድኃኒት አውጥታ ነበር። ሳይሳካላት ቀርቶም እቤቷ አልተቀመጠችም፤ ርኩስ ናት የሚላትን ሕዝብ በትከሻዋ ገፍታ፣ ነውሩን ረግጣ ወጣች። እምነቷ እግር ነበረው። የእኛ ግን አልጋ ላይ የሚያስቀር ከሆነ ስሙ ሌላ ነው። በመስጊድ ጥላ ለሚሰበሰበው ወንድሜም ቃሌ ይኸው ነው፤ ግመልን ማሰር ከዱዓ አይጋጭም።

ሦስተኛው ተከራካሪ ከሁሉ ይበረታል፤ ምክንያቱም ሐቅ ይዟል። «ሄዳስ ምን ታገኛለች? መብራት የጠፋበት ክፍል፣ የተበላሸ አልትራሳውንድ፣ ‹ጎንደር ሂጂ› የሚል ወረቀት» ይላል። ይህን ሰው አልክደውም። ግን አንድ ነገር ላስታውሰው። በዚችው በአብደራፊ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የካላዛርን ሕሙማንና በእባብ የተነደፉትን ለረጅም ዓመታት አክመዋል። የዝንቧን በሽታ የሚለይ ምርመራ፣ ውድ የሆነው የእባብ መርዝ ማርከሻ፣ የሠለጠነ ሰው፣ ሁሉም በዚሁ ዋልካ አልፎ ገብቷል። እንግዲህ «ቆላ ነው፣ አይደርስም» የሚለው ሰበብ ሐሰት መሆኑ በተግባር ታይቷል። ለእባብ መርዝ ማርከሻ የደረሰበት ስፍራ ለእናት የሚሆን ደም አይደርስበትም ሊባል አይችልም። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2021 የድርጅቱ የሆላንድ ክፍል ሥራ በመንግሥት ትእዛዝ ለሦስት ወር ሲታገድ ያ ሕክምና ተቋርጧል፤ በእንግዳ እጅ ብቻ የተንጠለጠለ ጤና ምን ያህል ቀጭን ክር እንደሆነ ያን ጊዜ አይተናል። የጎንደሩ የጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲመሠረት ዓላማው ጤናን ከከተማ አውጥቶ ወደ ገጠር መውሰድ ነበር። ያ ዓላማ ቆላው ጫፍ ላይ ሲደርስ የደከመ ከሆነ፣ መልሱ ሴቲቱን እቤት ማስቀረት አይደለም፤ ዓላማውን በስሙ ጠርቶ መጠየቅ ነው። ያልሄደች ሴት በየትኛውም መዝገብ አትገኝም፤ ያልተመዘገበ ደም ደግሞ በጀት አይጠራም።

ወደ ራሳችን ልመለስ። እኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ስለ ደም ለመጻፍ ሰንፈን አናውቅም። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ የወደቁትን አፄ ዮሐንስን ትውልድ ተቀባብሎ አልቅሶላቸዋል፤ ተገቢ ነው። የዚያን ቆላ ጀግና፣ ጠመንጃውን፣ ደም መላሹን አወድሰናል። እናትን ደግሞ ማን እንደኛ ያሞጋግሳል! ነገር ግን የምናሞግሳት እናት ከወለደች በኋላ ያለችው ናት፤ ትዕግሥቷን፣ ዝምታዋን፣ «ሁሉን ቻይነቷን» ነው። ያ ዝምታ ግን ያጠፋችውን ጨርቅ የሚደብቅላት ዝምታ ነው። ሁሉን ቻይ እያልን ስናወድሳት፣ «አመመኝ» የምትልበትን ቃል ነጠቅናት። ከዚህ በላይ የሰላ ጭካኔ በስንኝ ተጽፎ አላየሁም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ደም ያየች ነፍሰ ጡር፣ ጠብታም ቢሆን፣ በዚያው ቀን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም ለጤና ጣቢያው ትናገር። ደሙ ከበዛ፣ ሆዷን ከቆረጣት፣ ትከሻዋን ካመማት፣ ካዞራት ወይም ከሳታት አንድ ሰዓት አትጠብቅ። ስንት ጨርቅ እንዳራሰች ትቁጠር፤ ለሐኪሙ ትናገር። የደም ዓይነቷ በክትትል ካርዷ ላይ ይጻፍ። ባል፣ አሠሪ፣ ጎረቤት፦ «ምን አድርገሽ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ተዉትና «በምን እንሂድ?» በሉ። ሠላሳ ሰው የምታበላ ሴት ስትታመም ሠላሳው ሰው የመኪና ዋጋ ያዋጣ፤ ከእነርሱም ሁለት ሦስቱ አብረው ሄደው ደም ይስጡ። እቤት ለምትጠብቀዋም አብሯት የሚያድር ሰው ይኑር፤ ያልታወቀን ነገር ብቻን ከመጠበቅ የከፋ ሕመም የለምና።

የአርማጭሆ ሰው ሆይ፣ ደም አይቀርም ትላለህ። ቃልህን ወድጄዋለሁ፤ እንግዲያው አስፋው። ከቤትህ ጓዳ የፈሰሰውንም ጠይቀው። ጠመንጃ አትሻም፤ በሌሊት የሚነሣ አንድ መኪናና «ተነሺ፣ እንሂድ» የሚል አንድ አፍ ይበቃል።

ቸር ይግጠመን።