ንፋው

አንድ አርብ ሌሊት ከቦሌ መድኃኔዓለም ወደ ሲኤምሲ ስንሄድ ትራፊክ አስቆመን። መኪናው ውስጥ አራት ነን። የሚነዳው ጓደኛችን መስኮቱን ሲያወርድ የቢራው ሽታ ቀድሞ ወጣ። ትራፊኩ ሰላምታ ሰጠና መመርመሪያውን ዘረጋ፤ "እስቲ ንፋ።" ጓደኛዬ ዞር ብሎ እኛን አየን። እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ፣ ሞቅ እንዳለኝ፣ "አትንፋ! ሕገ መንግሥታዊ መብትህ ነው" አልኩት።

ከሰጠኋቸው ምክሮች ሁሉ በጣም የማፍረው በዚህ ነው። የምጽፈውም ይሄው ምክር ዛሬም በየጠረጴዛችን እንደ ብልጠት ስለሚዞር ነው።

መጀመሪያ ሕጉ። የሕግ ሰው አይደለሁም፣ ኮድ ነው የምጽፈው። ማንበብ ግን እችላለሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት የሚችል የእምነት ቃል እንዲሰጥ አይገደድም ይላል። አንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም ይላል። እኔ እንደማነበው ሁለቱም የሚጠብቁት ቃልህን ነው። "ስንት ጠጣህ?" ስትባል ዝም በል። ትንፋሽ ግን ቃል አይደለም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 34 መርማሪ ፖሊስ አስፈላጊ ሲሆን ተጠርጣሪውን በሐኪም ሊያስመረምር እንደሚችል ይደነግጋል፤ የደም ምርመራንም ይጨምራል። ሁሌ በመብት የምንጠቅሳት አሜሪካ እንኳ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ እ.ኤ.አ. በ2016 ጠጥቶ በመንዳት የተያዘን ሰው ትንፋሽ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መመርመር ይቻላል ብሏል፤ ትእዛዝ ያስፈልገዋል ያለው ለደም ነው። እና ከቱቦው ሸሽተህ ወዴት ነው የምትሮጠው? ወደ መርፌው?

"ማሽኑ ይሳሳታል" የሚሉም አሉ። አዎ፣ ሊሳሳት ይችላል። አሁን የተጎነጨኸው አልኮል አፍህ ውስጥ ከቀረ ቁጥሩን ያጋንነዋል፤ 15 ደቂቃ ያህል መጠበቅ የሚመከረውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ጠይቅ፦ ልጠብቅ፣ መንፊያው ይቀየርልኝ፣ ቁጥሩን አሳየኝ፣ ድገመው። ይህን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ትራፊኩም ሳይቆጣ ሊያደርገው ይገባል። ግን መለኪያ ሲያጠራጥር ደግመህ ትለካለህ እንጂ መለካት አትተውም። ሲስተም ሲበላሽ ሎጉን የሚያጠፋ ኢንጂነር አይተህ ታውቃለህ?

ቁጥሩ ከሌለ የሚቀረው የትራፊኩ አፍንጫና ያንተ ምላስ ነው። "ይሸታል።" "ኧረ አልጠጣሁም።" እዚህ ጭቅጭቅ ውስጥ የሚያሸንፈው እውነተኛው ሳይሆን ስልክ የሚደውልለት ዘመድ ያለው ነው። አንድ ቢራ ጠጥቶ ከጣሪያው በታች የሆነውን ምስኪን ሹፌር ነጻ የሚያወጣው ያው የምትሸሸው ቁጥር ነው።

ጣሪያውም እኮ ያን ያህል ጥብቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የአገራትን ሕግ ሲያነጻጽር ለኢትዮጵያ የመዘገበው በ100 ሚሊ ሊትር ደም 80 ሚሊ ግራም አልኮል ነው። ራሱ የሚመክረው ከ50 እንዳያልፍ፣ ለወጣትና ለጀማሪ ሹፌር ደግሞ ከ20 እንዳያልፍ ነው። ሰውነት በሰዓት የሚያስወግደው በአማካይ 15 ገደማ ብቻ ነው። 120 ላይ ያለ ሰው 80 ለመድረስ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጅበታል። ማስቲካና ቡና ይህን ሂሳብ አይቀይሩትም።

በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። በዚያ ሰዓት ከቦሌ ወደ መገናኛ በሚወስደው መንገድ ዳር ማን እንዳለ ታውቃለህ፦ የሕንጻ ጥበቃው፣ መጥረጊያ የያዘችው እናት፣ ቅድም ሂሳብ አምጥታልህ አሁን ከሥራ የወጣችው አስተናጋጅ። መኪናው ውስጥ ስለ መብት ስንከራከር መንገዱን በሰላም የመሻገር መብታቸውን ያነሳ የለም። እኔም አላነሳሁም።

ጓደኛዬ አልሰማኝም፣ ነፋ። ከጣሪያው በላይ ነበር። መኪናው እዚያው ቀረ፣ እኛ ራይድ ጠርተን ገባን። መንገድ ላይ ብዙ ዝም ካለ በኋላ "ሦስት ጃምቦ ብቻ የጠጣሁ መስሎኝ ነበር" አለ። እኛም ሦስት ነበር የመሰለን። አራት ሰው አብሮ ተቀምጦ አንዱም በትክክል አልቆጠረም።

የራይዱን ሂሳብ ለአራት ተካፈልነው። ከአንድ ዙር ቢራ አነሰ። መወሰን የነበረብን ቁልፉ ከኪስ ሳይወጣ በፊት ነበር። እሱ ካመለጠህ ግን፣ ወንድሜ፣ ንፋው።