ቃልና ሥልጣን በሁለት ሕዝብ መካከል

ሰው ከሰው ጋራ የሚገናኘው በቃል ነው። ቃል ግን ብቻውን አይሄድም፤ የተናጋሪውን አገር ልማድ፣ የአባቶቹን ሥርዓት፣ ስለ ገዥና ስለ ተገዥም ያለውን አሳብ ተሸክሞ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት ሕዝቦች በአንድ ጉዳይ ተነጋግረው፣ በአንድ ወረቀት ላይ ማኅተማቸውን ካተሙ በኋላ እንኳ፣ የአንደኛው ልብ የያዘውና የሁለተኛው ልብ የያዘው ነገር የተለያየ ሆኖ መገኘቱ በታሪክ ብዙ ጊዜ ታይቷል። ይህ ዐይነቱ አለመግባባት በገበያ ሲሆን የጥቂት ብር ኪሣራ ያመጣል፤ በመንግሥት ሥራ ሲሆን ግን ደም ያፈሳል፣ የአገርንም ነጻነት ያሠጋል። የኢትዮጵያ ታሪክ ለዚህ ነገር ሁለት ምስክሮች አሉት፤ አንደኛው መልስ ያላገኘ ደብዳቤ፣ ሁለተኛው በሁለት ቋንቋ ሁለት መልክ የያዘ አንቀጽ ነው።

በኢትዮጵያ በቀድሞው ሥርዓት ንጉሥ ማለት የመንግሥቱ ራስ ብቻ ሳይሆን የመንግሥቱ አፍና ጆሮ ጭምር ነበር። የተበደለ «አቤት» ብሎ ሲጮህ የሚጮኸው ወደ ንጉሡ ነው፤ የመጨረሻው ፍርድ የሚሰጠው በንጉሡ ችሎት ነው፤ ሹም የሚሾመውና የሚሻረው በንጉሡ ቃል ነው። ደጅ የሚጠናውም ከዚህ የተነሣ ነው። እንዲህ ባለ አገር ለንጉሥ የተላከ ቃል ንጉሡ ራሱ እንደ ሰማው፣ ከንጉሥ የመጣ ዝምታም ንጉሡ ራሱ እንደ ተናገረው ሆኖ ይቈጠራል። በእንግሊዝ አገር ግን በዚያው ዘመን ንግሥት ቪክቶሪያ በዙፋን ላይ ሳሉ የመንግሥቱን ሥራ የሚያካሂዱት ለፓርላማ ኀላፊ የሆኑ ሚኒስትሮች ነበሩ። ለንግሥቲቱ የተጻፈ ደብዳቤ የሚመረመረው በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው፤ ይመለስለት አይመለስለት የሚባለውም ከሌላው የመንግሥት ጥቅም ጋራ ተመዝኖ ነው። ሁለቱም ሥርዓት ለየባለቤቱ እንደ ቀትር ብርሃን የታወቀ ነበር፤ ለሌላው ግን የተሰወረ ነበር።

በጥቅምት ወር 1855 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው በእንግሊዙ ቆንስል በካሜሮን እጅ ሰጡ። ካሜሮን ከንግሥቲቱ የተላከ የሽጉጥ ገጸ በረከት ይዞ የመጣ ነበርና፣ ንጉሠ ነገሥቱ የጻፉት ወዳጅ ለወዳጅ፣ ክርስቲያን ንጉሥም ለክርስቲያን ንግሥት እንደሚጽፍ አድርገው ነው። ሞተው የተለዩዋቸውን ሁለት እንግሊዛውያን ወዳጆቻቸውን፣ የቀድሞውን ቆንስል ፕላውዴንንና ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ይባል የነበረውን ጆን ቤልን አነሡ። መልእክተኞች ወደ እንግሊዝ አገር ሊልኩ እንደሚወዱ፣ ነገር ግን ቱርኮች መንገዱን እንደ ያዙባቸው ገልጠው፣ መልእክተኞቹ በደኅና የሚያልፉበት ነገር እንዲታሰብ ጠየቁ።

ደብዳቤው ከጥቂት ወራት በኋላ ሎንዶን ደረሰ፤ መልስ ግን አልተጻፈለትም። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት ከቱርክና ከግብጽ ጋራ ያለውን ወዳጅነት ለማበላሸት አልፈለገም፤ በሩቅ አገር ጉዳይ ውስጥ ለመግባትም ፈቃድ አልነበረውም። ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ደብዳቤውን ማቈየት ማንንም መስደብ አልነበረም፤ አሳብ ያልተቈረጠበትን ጉዳይ በመዝገብ ውስጥ ማሳደር ብቻ ነበር። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው የአማርኛ ተረት በቤተ ዘመድ መካከል እውነት ነው፤ በሁለት መንግሥታት መካከል ግን ዝምታ ይነቅዛል። ዐፄ ቴዎድሮስ የሰሙት «ጉዳዩ ገና አልታየም» የሚል ቃል ሳይሆን «አንተን እንደ ንጉሥ አልቈጥርህም» የሚል ቃል ነው።

ካሜሮንም በበኩሉ በግብጽ እጅ ወደ ነበረችው ወደ ከሰላ ሄዶ፣ መልስ ሳይዝ ተመለሰ። ለቆንስሉ ይህ ስለ ንግድና ስለ ጠረፍ የመመርመር ሥራ ነበር፤ ለንጉሠ ነገሥቱ ግን የወዳጅ መልእክተኛ ከጠላት ቤት አድሮ መምጣቱ ነው። በ1856 ዓ.ም. ካሜሮን ታሰረ፤ ሌሎች አውሮፓውያንም ታሰሩ። የዘገየው የንግሥቲቱ መልስ በራሳም እጅ ከዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ የደረሰው በጥር ወር 1858 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ደብዳቤው ከተጻፈ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እርሱም ራሱ ታሰረ።

በዚህ ነገር ጥፋቱን በአንድ ወገን ብቻ መጣል ከእውነት መራቅ ይሆናል። መልእክተኛን ማሰር በመንግሥታት ሕግ የተከለከለ ነው፤ እንግሊዞችም የተቈጡት በዚህ ነበር። ለዐፄ ቴዎድሮስ ግን ቆንስሉ የንግሥቲቱ እጅ ነበርና፣ እጅዋን የያዙ ፊትዋን የምትመልስ መሰላቸው። ፍጻሜው የታወቀ ነው። በናፒየር የሚመራ 13,000 ያህል ወታደር ከሕንድ በባሕር ተሻግሮ፣ መድፉን በዝሆን ጭኖ መጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘች፤ ንጉሠ ነገሥቱም እጃቸውን ከመስጠት ይልቅ በገዛ እጃቸው ሞቱ። ከአምባው የተወሰዱት ብራናዎችና ታቦታት እስከ ዛሬ በሎንዶን ይገኛሉ። በጊዜው የተጻፈ የአንድ ገጽ መልስ ይህን ሁሉ ባላስቀረው እንኳ፣ ሊያስቀረው ይችል የነበረበት ቀን እንደ ነበረ ማንም አይክድም።

ሁለተኛው ምስክር ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከኢጣልያው መልእክተኛ ከኮንት አንቶኔሊ ጋራ የተዋዋሉት የውጫሌ ውል ነው። ውሉ በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጻፈ፤ በ19ኛው አንቀጽም ሁለቱ ጽሑፎች የተስማሙና በሥልጣን እኩል መሆናቸው ተመለከተ። ይሁን እንጂ በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ጽሑፍ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋራ ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የኢጣልያንኛው ግን በዚህ መንገድ ለመላላክ እንደ ተስማሙ አድርጎ አስቀመጠው። በጥቅምት ወር 1882 ዓ.ም. የኢጣልያ መንግሥት ይህንኑ ይዞ፣ ኢትዮጵያ በጥበቃው ሥር መሆንዋን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀ።

እዚህ ላይ የሚታየው የአንድ ግሥ ልዩነት ብቻ አይደለም። በአማርኛው «ይቻላቸዋል» የሚለው ቃል የሚነገረው በፈቃዱ ለሚሠራ ባለሥልጣን ነው፤ ቢወድ ያደርጋል፣ ባይወድ ይተዋል። በአውሮፓ ግን በ1877 ዓ.ም. የበርሊኑ ጉባኤ ከተፈጸመ ወዲህ፣ የአፍሪካ ገዥ ከአንዱ ኀያል መንግሥት ሥር የሚያድር ጥገኛ ሆኖ መቈጠር የተለመደ ሆኖ ነበር። ስለዚህ የኢጣልያንኛውን ጽሑፍ ያነበቡ መንግሥታት አላደነቁም፤ ከአሳባቸው ጋራ የተስማማ መስሎ ታያቸው። ተንኮሉ የገባው ሰዎች አስቀድመው ሊያምኑት በተዘጋጁበት በር ነው።

ዐፄ ምኒልክ ግን ነገሩን የያዙት በሌላ መንገድ ነው። መንገሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት ባስታወቁ ጊዜ፣ ከእንግሊዝ አገር የመጣው መልስ በኢጣልያ በኩል መላላክ እንደሚገባ የሚገልጽ ሆነ። እርሳቸውም መልእክተኛ አላሰሩም፤ ሁለቱን ጽሑፍ አስተያይተው፣ በ1883 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኢጣልያው ንጉሥ ለኡምቤርቶ የአማርኛው ቃል ምን እንደሚል ጻፉ። እቴጌ ጣይቱም አንቀጹን እንዳይቀበሉ አጥብቀው ተቃወሙ። ንግግሩ ፍሬ ባጣ ጊዜ በ1885 ዓ.ም. ውሉ መፍረሱን ለመንግሥታት አስታወቁ። ጦር የመጣው ቃል ሁሉ ከተነገረ በኋላ ነበር፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ድል ሆነ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ውል ኢጣልያ የውጫሌን ውል መሻሩን፣ የኢትዮጵያንም ነጻነት ተቀበለች። ድሉ የጀግኖች ደም ነው፤ ነገር ግን ከድሉ በፊት የተጻፉት ደብዳቤዎች የኢትዮጵያን እውነት በዓለም ፊት አስቀድመው አቁመው ነበር።

እንዲህ ያለው ነገር በኢትዮጵያ ብቻ የደረሰ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1840 በኒውዚላንድ አገር የእንግሊዝ መንግሥትና የማኦሪ ባላባቶች በዋይታንጊ ተዋዋሉ። ውሉን ወደ ማኦሪ ቋንቋ የመለሰው ሄንሪ ዊልያምስ የተባለ የወንጌል መልእክተኛ ነበር። በእንግሊዝኛው «ሙሉ የመንግሥት ሥልጣን» የሚለውን «ካዋናታንጋ» ብሎ መለሰው፤ ይኸውም ከእንግሊዝኛ ተወስዶ «አገረ ገዥነት» ማለት ነው። ባላባቶቹ ቃሉን የሚያውቁት ጲላጦስ በሚጠራበት ስም ከመጽሐፍ ቅዱስ ነበር። የራሳቸው አለቅነት፣ በቋንቋቸው «ራንጋቲራታንጋ» የሚሉት፣ እንደሚጠበቅላቸውም በዚያው ውል ተጻፈላቸው። ስለዚህ ከ500 የሚበልጡ አለቆች ሲፈርሙ፣ አብዛኞቹ የፈረሙት በማኦሪው ጽሑፍ ላይ ነው። እንግሊዞች አገሩን ሁሉ የተቀበሉ መሰላቸው፤ አለቆቹ ደግሞ በእንግሊዞች ላይ የሚሾም አንድ ገዥ የተቀበሉ መሰላቸው። ስለዚህ ውል የቀረበውን አቤቱታ እንዲሰማ ሸንጎ የተቋቋመው በ1975 ነው፤ በ2014ም ሸንጎው የሰሜን አለቆች ሉዓላዊነታቸውን አሳልፈው እንዳልሰጡ መሰከረ። አንድ ቃል ከ170 ዓመት በላይ አከራከረ ማለት ነው።

በዘመናችን ሊቃውንት ይህን ነገር በምርመራ ተከታትለውታል። ሮበርት ሀውስ የተባለው መምህርና ባልንጀሮቹ በ62 ማኅበረ ሰቦች ውስጥ 17,000 ያህል የሥራ ኀላፊዎችን ጠይቀው፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2004 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ገለጡት፣ መሪ የታመነና ፍትሐዊ እንዲሆን ሁሉም አገር ይወዳል፤ መሪ ብቻውን ይቍረጥ ወይስ አማክሮ፣ ክብሩን ይግለጥ ወይስ ይሰውር በሚለው ግን ሕዝቦች ይለያያሉ። እንግዲህ ቅንነት የሁሉ ገንዘብ ነው፤ ቅንነት የሚገለጥበት መልክ ግን እንደየአገሩ ነው።

ልዩነቱም ባሕር ማዶ ብቻ አይደለም። በዚያችው በኢትዮጵያ፣ ከላይ የሚወርድ ትእዛዝ ሲሰማ ያደገ ሰውና፣ በስምንት ዓመት ሥልጣን በሚለዋወጥበት በገዳ ሥርዓት ያደገ ሰው፣ «መሪ» ሲባል በልባቸው የሚሣሉት አንድ አይደለም። በሸንጎ ያደገው መሪ ከሁሉ ሰምቶ በመጨረሻ እንዲናገር ይጠብቃል፤ ሌላው ደግሞ መሪ አስቀድሞ ካልተናገረ የደከመ ይመስለዋል። እንደዚሁም «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ተብሎ ያደገ የበታች ሠራተኛ ለአለቃው «እሺ» ሲል አክብሮቱን መግለጡ ነው እንጂ፣ ሥራው በቀነ ቀጠሮው እንደሚፈጸም መማሉ ላይሆን ይችላል። ከውጭ የመጣው አማካሪ ግን ያንን «እሺ» እንደ ውል ይመዘግበዋል፤ በኋላም ሐሰተኛ ይለዋል። ሐሰተኛ አልነበረም፤ ጠያቂው ግን «የሚያዳግትህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ከጥንት ጀምሮ አላቸው። ያ የኢትዮጵያ ጃንደረባ በሠረገላው ሆኖ መጽሐፍ ያነብ ነበር፤ ፊደሉን አላጣውም፤ ያጣው ምሥጢሩን ነው። አለማወቁን ሳያፍር ስለ ተናገረ ፊልጶስ ተረጐመለት። የአንድምታ መምህርም አንዱን ቃል በአንድ መንገድ ፈትቶ አይዘጋም፤ «አንድም» ብሎ ሌላውን ይመረምራል። ይህ ልማድ ከጉባኤ ቤት ወጥቶ ወደ መሥሪያ ቤት ቢገባ ታላቅ ጥቅም ይሰጣል። ውል የሚያዘጋጅ ሹም ከመፈረሙ በፊት «ይህ ቃል በዚህኛው አገር ጆሮ ምን ይላል? አንድም ምን ይላል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሰምና ወርቅ ለቅኔ እንጂ ለውል እንደማይሆን ይረዳዋል።

እንግዲህ ከእነዚህ ምስክሮች የሚገኘው ትምህርት ሦስት ነው። መጀመሪያ፣ ለተጻፈ ደብዳቤ፣ አሳቡ ገና ባይቈረጥ እንኳ፣ መድረሱን የሚገልጥ መልስ በጊዜው ይጻፍ፤ ዝምታን የሚተረጕመው ጸሐፊው ሳይሆን የሚጠብቀው ሰው ነውና። ሁለተኛ፣ አስተርጓሚ እንደ ተላላኪ አይቈጠር፤ የሁለቱንም ወገን ሥርዓት የተማረ፣ ያልገባውን «አልገባኝም» ለማለት የተፈቀደለት፣ ከምክሩ መጀመሪያ አንሥቶ የተቀመጠ ይሁን። ሦስተኛ፣ በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ውል ሁሉ በሌላ ሰው እንደገና ወደ አማርኛ ተመልሶ ሳይመረመር አይፈረም።

አዲስ አበባ ዛሬ 55 አባል አገሮች ያሉት የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ናት። በየቀኑ በደጃፍዋ የሚገቡት መልእክተኞች ቋንቋቸው ብዙ፣ ስለ ሥልጣን ያላቸውም አሳብ ብዙ ነው። በመቅደላ የጠፋው በቃል ጕድለት ነው፤ ከውጫሌ በኋላ የተረፈው ቃል ስለ ተመረመረ ነው። ከሁለቱ መንገድ የትኛው እንደሚመረጥ ለአስተዋይ ሹም የሚያጠራጥር አይደለም።