የቤት መዝገብ በአንድ ዲስክ ላይ አይደር

የሠርግ ፎቶግራፍ፥ የልጅ የመመረቂያ ጽሑፍ፥ የሱቅ ሒሳብ፥ የጎሳን ታሪክ በወላይትኛ የተረኩ የአረጋዊ አያት ድምፅ ሳይቀር ከሣጥንና ከአልበም ወጥቶ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሚከማችበት በዚህ ዘመን፥ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ባለችው በተበላም ሆነ በሌላው የሀገራችን ክፍል የሚኖር ሰው ሁሉ ይህን እንዲያስብ እማጸናለሁ፦ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ሰነድ ገና ያልጠፋ ነው እንጂ የተጠበቀ አይደለም።

ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ በሚዞር ሠሌዳ ላይ የሚጻፍበትና የሚነበብበት ረቂቅ መሣሪያ በመሆኑ፥ እየሠራ ሳለ ቢወድቅ፥ መብራትም ደጋግሞ ድንገት ቢቋረጥበት ለጉዳት የቀረበ ነው። ሌባና እሳት አሉ፤ በፍላሽ የሚጋባ ቫይረስ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ብዙ አገሮችን እንዳሸበረው ዋናክራይ፥ ፋይልን ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቅ ተንኮልም አለ። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን በገዛ እጃችን የምናመጣው ጥፋት ነው፤ ኮምፒውተሩ ከብዷል ተብሎ ለጥገና ሲሰጥ፥ ባለቤቱ ሰነዱን ሳያወጣ ጠጋኙም ሳይጠይቅ፥ ዲስኩ ፎርማት ተደርጎ አዲስ ዊንዶውስ ይጫንበትና የብዙ ዓመት ትዝታ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይደመሰሳል።

አበው ጸሐፍት መጽሐፍን በብራና ላይ እየገለበጡ ከደብር ወደ ደብር ያበዙ የነበረው ለከንቱ አልነበረም። መጽሐፈ ሄኖክ በአራማይክና በግሪክ ቋንቋ ከቍርጥራጭ በቀር ሳይተርፍ ሲቀር፥ ሙሉው የተገኘው በግእዝ ነው፤ ተጓዡ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ምእት ዓመት ቅጂዎቹን ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ባደረሰ ጊዜም ዓለም የጠፋበትን መጽሐፍ መልሶ አነበበ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በየአድባራቱና በየገዳማቱ ያሉ ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሡም፥ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ዘመናቸውን የደከሙበት ይህ ስብስብ በአዲስ አበባ ብቻ ሳይወሰን ቅጂው በአሜሪካ በሚኒሶታም ተቀምጧል፤ በአንዱ ሥፍራ ለሚደርሰው መከራ ሌላው ሥፍራ ዋስ ይሆን ዘንድ።

የዛሬዎቹ ባለሙያዎች የሚያዝዙትም ከዚህ አይርቅም፦ ሦስት ቅጂ ይኑር፥ በሁለት ዓይነት ዕቃ ይቀመጥ፥ አንዱም ከቤት ውጭ ይደር። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከተገለበጠበት በኋላ ተነቅሎ ይቀመጥ፤ እንደ ተሰካ ከዋለ ኮምፒውተሩን የሚነካው ቫይረስ እርሱንም ይነካዋልና። ገንዘብ አይበቃም የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ስሞታውም ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ፊልሙና ሙዚቃው ተመልሶ የሚገኝ በመሆኑ፥ ተመልሶ የማይገኘው ብቻ ቢለይ ብዙ ጊዜ መጠነኛ ዲስክ ይበቃዋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ቅጂው ይፈተን፤ ፋይሎቹ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተመልሰው ሳይከፈቱ ባክአፕ አለኝ ማለት ተስፋ ነው እንጂ እውቀት አይደለም።

የጠፋ የሚመስል ነገር ከሥር በሕይወት ሊቆይ እንደሚችል ለተበላ አንባቢ ምስክሩ ከደጁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ተበላ በምትገኝበት በሁምቦ ወረዳ የገበሬዎች ማኅበራት ከወርልድ ቪዥን ጋር ተባብረው 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ሲከልሉ፥ ደኑ በአብዛኛው ያገገመው ከምድር በታች በሕይወት ከቆየው ጉቶና ሥር ነው። በሚሽከረከረው ዲስክም ላይ ፋይል ሲሰረዝ፥ ወይም ፈጣኑ ፎርማት ሲደረግ፥ ማውጫው ይፋቃል እንጂ የፋይሉ አካል ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እንደ ሥሩ ከታች ይቆያል፤ ስለዚህ ጥፋት የደረሰበት ሰው ወዲያው ኮምፒውተሩን አጥፍቶ፥ ምንም ሳይጭንበት ለባለሙያ ያቅርበው። አዲስ ነገር ከተጻፈበት ግን ሥሩ ተነቅሏል፤ ኤስኤስዲ በሚባለው ዲስክም ይህ ተስፋ እጅግ የመነመነ ነው። ቅጂ ያለው ሰው ብቻ ከዚህ ጭንቀት ያርፋል።

እንግዲህ ትምህርት ቤቶቻችን ኮምፒውተር ሲያስተምሩ መገልበጥንና መመለስን ከመጀመሪያው ትምህርት ይቍጠሩት፤ ጠጋኞችም ባለቤቱ ሰነዱን ማውጣቱን ሳያረጋግጡ ፎርማት አለማድረግን የሙያቸው ሕግ ያድርጉት። እኛም በየወሩ እንገልብጥ፤ ሶዶና አዲስ አበባ የሚኖረው ዘመድ ለወላይታ አዲስ ዓመት ለጊፋታ በመስከረም ወደ ቤት ሲመጣም ቅጂው ተከፍቶ ይታይ፥ ይታደስ፥ ሲመለስም ይዞት ይሂድ። የአያቶቻችንን ድምፅ ለልጅ ልጆቻችን የማድረስ ግዴታ አለብን፤ ግዴታውንም ለመፈጸም የሚያስፈልገው ዕቃ በእጃችን አለ።