የሚያጣብቅ ቆሻሻ ሁሉ በረኪና አይፈልግም

በመታጠቢያ ቤትዎ መደርደሪያ ላይ ያለውን የቅባት ዕቃ ሲያነሱ ተጣብቆ አልነሳም ብሎዎት ያውቃል? የፀጉር ቅባት፣ ኮንዲሽነርና የፀጉር ስፕሬይ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየተንጠባጠቡ ሴራሚኩ ላይ ይጋገራሉ፤ አቧራና ፀጉርም ይይዛሉ። ወለሉ ላይ ሲሆን ያንሸራትታል፤ ይህ በተለይ ለአረጋውያንና ለነፍሰ ጡር እናቶች ቀላል አደጋ አይደለም። ስለዚህ ማጽዳቱ ግድ ነው። የእኔ ቅሬታ በአጸዳዳችን ላይ ነው።

ብዙዎቻችን ወዲያው በረኪና እናነሳለን። አልለቅ ሲል መጠኑን እንጨምራለን፤ አሁንም እንቢ ካለ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ እናክልበታለን። በረኪና ግን ጀርም ለመግደልና ለማንጣት እንጂ የተጋገረ ቅባት ለማስለቀቅ የተሠራ አይደለም። እንዲያውም ቆሻሻው ሳይነሳ ከፈሰሰበት ጀርም የመግደል አቅሙም ይቀንሳል። ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ እ.ኤ.አ በ1915 ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር ከተማ አቅራቢያ በወታደሮች ላይ የተለቀቀው ጋዝ ነው። ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጎንበስ ብሎ ወለል የሚፈትግ ሰው የሚተነፍሰውም እዚያው ነው። አቼቶና ሎሚም አሲድ ስለሆኑ ከበረኪና ጋር መገናኘት የለባቸውም። አሞኒያ ያለባቸው የመስታወት ማጽጃዎችም እንዲሁ።

መፍትሔው ከወጥ ቤትዎ አይርቅም። ለብ ያለ ውሃ ላይ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ ያድርጉ፤ ጨርቅ ነክረው በተጣበቀው ቦታ ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያኑሩት። ከዚያ በለስላሳ ስፖንጅ ሲያሹት ይለቃል። ትዕግሥት እንጂ ጉልበት አይጠይቅም። የደረቀ የፀጉር ስፕሬይ እንቢ ካለ ጨርቅ በሕክምና አልኮል አርጥበው ይጥረጉት፤ መስኮት ይከፈት፣ እሳት አይቅረብ፣ በረኪናም አይጨመርበት። ነጭ ሆኖ የሚጋገረው የሳሙና ዝቃጭ በውሃ በቀጠነ አቼቶ ይነሳል፤ እምነ በረድ ላይ ግን አይሞክሩት፣ ይበላዋል።

ሌላው የሚያሳስበኝ በረኪና በውሃ ፕላስቲክ ተቀድቶ መቀመጡ ነው። የጠማው ሕፃን የሚያውቀው የፕላስቲኩን መልክ እንጂ ውስጡ ያለውን አይደለም። በእኔ እምነት ያለ ምልክት በውሃ ፕላስቲክ የሚሸጥ በረኪና መግዛት ማቆም አለብን። ቤት ያለውንም ዛሬውኑ ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ያኑሩት።

ሁለት ማጽጃዎች ተቀላቅለው ዓይንና ጉሮሮዎን ካቃጠሉዎት ለማጠብ አይቆዩ፤ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ይውጡ። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ይታጠቡ። የጠጣ ሰው ካለ ግን ለማስመለስ አይሞክሩ፤ ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግም ያቃጥለዋል። ዕቃውን ይዘው በአቅራቢያዎ ወዳለ የጤና ተቋም ያድርሱት።